ዋስ የሌለው ገበያ፦ ከበቅሎ ተራ እስከ ቴሌግራም

«ቮልስ፣ የንጉሡ ጊዜ። ሙሉ ፋብሪካ፣ ሞተሩ ያልተፈታ፣ ቦሎ የታደሰ፣ ስም ወዲያው የሚዞር። ዋጋ በስምምነት። ደላላ አይደውል!»

ቴሌግራም ላይ መኪና ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነት ማስታወቂያ በቃሉ ይዞታል። ግርጌው ላይ ባለው ስልክ ሲደውል የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ደላላው ራሱ መሆኑንም ያውቃል።

የአሮጌ መኪና ገበያ ሞቅ ብሏል። ቮልሱ፣ ሰይቼንቶው፣ ፔጆ 404ቱ፣ አጭሩ ላንድሮቨር፣ ትናንት «ብረት» ተብሎ ግቢ ጥግ የተጣለው ሁሉ ዛሬ «ክላሲክ» ተብሎ ዋጋ ወጥቶለታል። ገበያው ሲሞቅ ጠቡም አብሮ ይሞቃል። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ የመጣው መኪና በፎቶ የታየው አይመስልም። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው አይገጥምም። «ባለቤት ነኝ» ያለው ሰው ባለውክልና ሆኖ ይገኛል። ገዢው ሲጮኽ ነጋዴው «አይተህ ነው የገዛኸው» ይላል፤ ደላላው ደግሞ «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» ይላል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዘመኑ ተበላሸ፣ ሰው ተበላሸ» ብሎ ያልፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የዛሬው መኪና ነጋዴ ከጥንቱ በቅሎ ነጋዴ የባሰ ሰው አይደለም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደጎደለ ለማየት ደግሞ ከጥንቱ ገበያ መነሣት ያስፈልጋል። መነሻችን ጎንደር ትሁን፤ በቅሎውም መኪናውም ታሪካቸውን የጻፉት በዚህች ከተማ መንገድ ላይ ነውና።

1. በቅሎ ተራ

ጎንደር ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የነገሥታት መቀመጫ ብቻ አልነበረችም፤ የሲራራ ነጋዴ መገናኛም ነበረች። በአንድ ወገን ወደ ምጽዋ፣ በሌላ ወገን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄደው ቅፍለት እዚህ ይገናኝ ነበር። የቅፍለቱ ሸክም በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ ነው። በቅሎ መግዛት ለነጋዴው ዛሬ የጭነት መኪና እንደ መግዛት፣ ለመኳንንቱ ደግሞ የክብር መኪና እንደ መግዛት ነበር።

በቅሎ ከአሮጌ መኪና ጋር የምትመሳሰልበት አንድ ነገር አለ፤ ጉድለቷ ከላይ አይታይም። ገዢው ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ይገምታል፣ ጀርባዋን ዳብሶ የገጣባ ጠባሳ ይፈልጋል፣ ጥቂት አስኪዶ ርምጃዋን ያያል። እንደምትራገጥ፣ ወንዝ ስታይ እንደምትለግም፣ ከማን በረት እንደወጣች ግን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለው ተረት ስለ ሻጭም ይሠራል። ሻጭ የሚያኮራውን ይናገራል፣ የሚያሳፍረውን ይዘላል።

ታዲያ ያ ገበያ እንዴት ቆመ? በዋስ ነው የቆመው። ሻጩ የማይታወቅ ሰው ከሆነ የሚታወቅ ሰው ያቆማል። ዋሱ «የበቅሎዋ ባለቤት እሱ ነው፤ ሌላ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ እኔን ያዙኝ» ይላል። ይህን የሚለው በአደባባይ፣ ሰው እየሰማ ነው። ዋሱ አገር ጥሎ አይጠፋም፤ ቤቱም እርሻውም ይታወቃል። ከዋሱ በላይ ነጋድራሱ አለ። ነጋድራስ ቀረጥ ሰብሳቢ ሹም ብቻ ሳይሆን በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክርም የሚዳኝ ነበር። ከዚያም በላይ ፍትሐ ነገሥት አለ። ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ ለዘመናት የፍርድ ምንጭ የሆነው ይህ መጽሐፍ ስለ ሽያጭና ግዥ ራሱን የቻለ ክፍል አለው።

ያ ሥርዓት ጻድቅ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው ዘመን ሰውም እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። ዘመድ የሌለው ድሃ ዋስ ማግኘት ይቸግረዋል፤ ጉልበተኛው ያለ ዋስም ይወስዳል። ነገር ግን ገበያው አንድ ነገር ገብቶት ነበር፦ የዕቃውን ታሪክ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ዕቃው የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። የጥንት ሮማውያንም ይህ ስለገባቸው ነው የገበያ ሹሞቻቸው ባሪያና የጭነት ከብት የሚሸጥ ሁሉ ጉድለቱን አስቀድሞ እንዲናገር ያስገድዱ የነበረው።

2. ከጣልያን ጋር የመጣው ወረቀት

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አኪሌ ስታራቼ የተባለው የፋሺስት ሹም የመራው ጦር ጎንደር ገባ። ጦሩ ከኤርትራ የመጣው በከባድ መኪና ተጭኖ ነበር። ጣልያኖች ጎንደርን «አማራ» ብለው የሰየሙት ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት። ዛሬም የቆሙትን የፒያሳ ሕንፃዎች ሠሩ። ከአስመራ በደባርቅ በኩል የሚመጣውን መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየጠመዘዙ አወጡት። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣልያን ምሽግ ወደቀ።

ጣልያን ሄደ፤ ቃሉ ቀረ። «መኪና» የሚለው ራሱ የእነሱ ቃል ነው። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ጋራዥ የገባ ሁሉ ያውቃቸዋል። ብዙዎቻችን ልብ የማንላቸው ግን ሦስት ቃላት አሉ፦ ታርጋ፣ ሊብሬና ቦሎ። እነሱም የመጡት ከዚያው ቋንቋ ነው፤ ስማቸው ግን የብረት ሳይሆን የመዝገብ ነው። ከመኪናው ጋር መኪናውን የሚመዘግብ ሥርዓትም አብሮ መጣ ማለት ነው።

ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። በበቅሎው ዘመን ስለ ዕቃው የሚመሰክረው ሰው ነበር፤ በመኪናው ዘመን ወረቀት ሆነ። ወረቀት ጥሩ ነው፤ አይሞትም፣ ዝምድና አያውቅም፣ ድሃም ሊይዘው ይችላል። ነገር ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሊብሬ የመኪናውን ዓይነት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የባለቤቱን ስም ይነግረናል። መኪናው ገደል ገብቶ እንደነበር፣ ወለሉ በዝገት ተበልቶ በላሜራ እንደተለበጠ፣ በሩ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም እንደተቀባ አይነግረንም። ቦሎም ቢሆን መኪናው ምርመራ በቀረበበት ዕለት ስለነበረው ሁኔታ ነው የሚናገረው።

ዋሱን በወረቀት ስንተካ «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለወረቀቱ ሰጠነው። «ደኅና ነው ወይ?» የሚለውን ግን ለማንም አልሰጠነውም። ያ ክፍት ቦታ ለደላላ ቀረ።

3. የንጉሡ ጊዜ መኪኖች

ከነፃነት በኋላ ባሉት ዓመታት ዛሬ «ክላሲክ» የምንላቸው መኪኖች ገቡ። ፊያት 600 «ሰይቼንቶ» ተብላ አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ሥራ ያዘች። ሐረር እስከ ዛሬ ስሟ ከፔጆ 404 ታክሲዎቿ ጋር ይነሣል። በከባድ መኪና በኩል ፊያት 682 «ኤንትሬ» በሚል ስም የሾፌሮች መኩሪያ ሆነ። ቮልስ ደግሞ ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋ አየር ነውና ራዲያተሯ የሚፈላባት ነገር የላትም፤ ለዳገታችን የተሠራች መሰለች።

ይችው ቮልስ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ታሪክ ውስጥ ገባች። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። ዛሬ አንድ ሻጭ «የንጉሡ ጊዜ» ብሎ ሲጽፍ የሚሸጠው ብረቱን ብቻ አይደለም፤ ያንን ትዝታም ነው። ለትዝታ ደግሞ ሚዛን የለውም። የአሮጌ መኪና ዋጋ ከሌላው መኪና ይልቅ ለክርክር የሚመቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አብዮቱ የመኪኖቹን ወረቀት በጠሰው። በሊብሬው ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ታሰረ፣ ተገደለ፣ ወይም ተሰደደ። መኪናው ከዘመድ፣ ከሾፌር፣ ከጎረቤት ግቢ ቀረ። ከዚያ በኋላ የስም ማዛወሪያውን ወጪና ምልልስ ለመሸሽ ብዙ ሰው በውክልና መሸጥ ለመደ። አንዱ ለሌላው ይወክላል፣ ሌላው ለሦስተኛው። መኪናው አራት አምስት እጅ ይዞራል፤ ሊብሬው ግን የመጀመሪያውን ሰው ስም እንደያዘ ይቀመጣል። ችግሩ ሕጉ ላይ ነው። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል። የ60 ዓመት መኪና ስትገዙ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው በሕይወት የመኖሩን ዕድል ራሳችሁ ገምቱት። «ስም ወዲያው የሚዞር» የሚለው ሐረግ በየማስታወቂያው የሚደጋገመው ብዙዎቹ ስለማይዞሩ ነው።

ሁለተኛው የክርክር ምንጭ «ሙሉ ፋብሪካ» የሚለው ቃል ነው። ዕቃ በጠፋበት፣ የውጭ ምንዛሬ ባልነበረበት ዘመን እነዚህን መኪኖች በሕይወት ያቆዩአቸው መካኒኮቻችን ናቸው። ከሁለት ቮልስ አንድ ቮልስ ሠሩ። የአንዱን ሞተር ለሌላው ገጠሙ። ደርግ ላዳን ሲያመጣም፣ ላዳ ራሷ ከፊያት 124 የተወለደች ናትና፣ የፊያት እጅ ያላቸው መካኒኮች ፊት እንግዳ አልሆነችም። ይህ ብልሃት ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን መኪናውን ያዳነው ብልሃት «ፋብሪካ» የሚለውን ቃል ገደለው። ሃምሳ ዓመት የሠራ መኪና ይዞ «ያልተነካ» ማለት ወይ አለማወቅ ነው ወይ ውሸት ነው።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ ክርክር ተካሂዶ ነበር። በ1929 እና በ1930 የለማንን ውድድር ያሸነፈች «አሮጊቷ ቁጥር አንድ» የምትባል ቤንትሊ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመሸጥ ውል ተፈጸመ። ገዢው ኩባንያ በኋላ «ይህች እውነተኛዋ አይደለችም፤ አብዛኛው አካሏ ተቀይሯል» ብሎ አፈገፈገ። ዳኛው መዝገቡን መርምረው መኪናዋ ብዙ ቢቀየርላትም ታሪኳ ሳይቋረጥ የመጣ በመሆኑ ያችው ናት ብለው ለሻጩ ፈረዱ። ሻጩን ያዳነው የብረቱ አዲስነት ሳይሆን የታሪኩ አለመቋረጥ ነው። የምን ዕቃ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ መዝገብ ነበረ። የእኛ ቮልሶች የላቸውም የምንለው ይህንኑ ነው።

4. ለምን አሁን ተወደዱ?

ሁለት ውሳኔዎች ገበያውን ለወጡት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ዓላማቸው ሌላ ነው፤ ውጤታቸው ግን በዚህ ገበያ ላይ አንድ ነው። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ቁጥሩ ተቆረጠ። የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር ነገር አልሆነም። በዚያ ላይ ውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን የአባቱን ዓይነት መኪና ይፈልጋል፣ ለሙሽራ የሚያከራይ ይፈልጋል፣ ለፊልም የሚፈልግም አለ።

የሚሸጠው ትንሽ፣ የሚገዛው ብዙ ሲሆን ነጋዴ የማብራራት ግዴታ አይሰማውም። «ካልፈለግህ ሌላ አለ» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

5. ገበያው ወደ ስልካችን ሲገባ

ቴሌግራም ትልቅ ነገር አደረገ። አራዳ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው የጎንደር ሰው ድሮ አዲስ አበባ ያለ መኪና በዘመድ ወሬ ነበር የሚሰማው። አሁን ቡና እየጠጣ መቶ መኪና ያያል። ነገር ግን ያያል እንጂ አይነካም። በበቅሎ ተራ ቢያንስ ጥርሷ ይገለጥ ነበር።

አንድ ምሳሌ እናስብ። ጎንደር ያለ ሰው አዲስ አበባ ያለች ቮልስ በቴሌግራም አየ። አዲስ አበባ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ሄዶ ማየቱን ትቶ ቪዲዮ አስላከ። ቪዲዮው ሞተሩ ሲነሣ ያሳያል፤ ወለሉን አያሳይም። ደላላው «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ መንገድ ላይ ነው» አለ። ሰውየው በቴሌብር ቀብድ ላከ፣ ቀጥሎ ቀሪውን በባንክ አስገባ። መኪናዋ ተጭና መጣች። ምንጣፉ ሲነሣ ወለሉ ወንፊት ነው። ደላላውን ሲጠይቅ ማስታወቂያው ከቻናሉ ጠፍቷል፤ የተጻጻፉት መልእክትም የለም። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የግል መልእክትን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላልና።

ቅያሬ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይጠልቃል። ገዢው የራሱን መኪና ሰጥቶ ጭማሪ ይከፍላል። የሁለቱንም መኪና ዋጋ የሚገምተው ነጋዴው ነው። የሚሰጠውን ያስወድዳል፣ የሚቀበለውን ያረክሳል። ክርክር ሲነሣ ገዢው የሚመለስበት የለውም፤ የሰጠው መኪና ለሦስተኛ ሰው ተሽጧል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ወረቀት አልጠፋም። ሊብሬ አለ፣ የባንክ ደረሰኝ አለ፣ ውል አለ። የሌለው «ስለ መኪናዋ እኔን ጠይቁኝ» ያለ ሰው ነው። በቅሎ ተራ ውስጥ የነበረው፣ ቴሌግራም ውስጥ የሌለው፣ እሱ ነው።

6. የሎሚው ገበያ

አሜሪካኖች ላዩ የሚያምር ውስጡ የተበላሸ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። እኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት የሚወረወር ነው፤ እነሱ ጋ ግን የተበላሸ መኪና ቅጽል ስም ሆኗል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ «ሎሚ» አጭር ጥናት ጻፈ። መጀመሪያ የላከላቸው መጽሔቶች መለሱበት፤ በ2001 ግን የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛው ሆነ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ገዢ ደኅናውን ከተበላሸው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ነው የሚከፍለው። በመካከለኛ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያውን ትቶ ይወጣል። የሚቀረው የተበላሸው ነው። ገዢ ይህን ሲያውቅ ዋጋውን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ሌላው ደኅና ሻጭም ይወጣል። መጨረሻ ላይ ገበያው ይሞታል። ማለትም ውሸት የሚጎዳው የተታለለውን ገዢ ብቻ አይደለም። መኪናውን በዘይት ጠርጎ፣ በጊዜው ዘይት ቀይሮ፣ የአባቱን ሊብሬ ጠብቆ የያዘውን ጨዋ ባለመኪናም ነው የሚያራቁተው። እውነት ተናግሮ መሸጥ አይችልም፤ እውነቱን ከሌላው ውሸት የሚለይለት የለም።

7. ሕጉ ምን ይላል?

«ሕግ የለም» የሚባለው ትክክል አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ ብዙ ብሏል። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው። ገዢ ደግሞ ዕቃውን እንደተቀበለ ቶሎ መመርመርና ጉድለቱን ቶሎ ማስታወቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ መብቱን የሚጠይቅበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። «ከነችግሩ ገዝቻለሁ» የሚል ውል ብትፈርሙ እንኳ ሻጩ ጉድለቱን ሆን ብሎ ከደበቀ ያ አንቀጽ አያድነውም። ተንኮል ያለበት ውል ሊፈርስ ይችላል። ጉዳዩ ከዚህ ካለፈም የወንጀል ሕጉ አታላይነትን ይቀጣል።

ስለ ቀብድም ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሐሳቡን ቢለውጥ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «ሌላ የተሻለ ዋጋ አመጣ» ብሎ ቀብዱን ብቻ የሚመልስ ነጋዴ ግማሽ ዕዳ ነው የከፈለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ የስልክ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ እንዳለው አረጋግጧል። ያስቀመጣችሁት መልእክት ማስረጃ ነው፤ ያጠፋው ግን እናንተ ጋ ከሌለ የለም።

ክፍተቱ ደላላው ጋ ነው። ሕጋችን ደላላን ተዋዋዮችን ለጥቅም የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። አገናኝ ሻጭ አይደለምና ስለ መኪናው ጤና አይጠየቅም። ራሱ ዋሽቶ ከጎዳችሁ በጥፋቱ ልትከሱት ትችላላችሁ፤ ግን መዋሸቱን የማስረዳት ሸክሙ የእናንተ ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ ብዙ የሚያወራው፣ ዋጋውን የሚያስተካክለው፣ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የሚወስደው ሰው ከሁሉም ያነሰ ተጠያቂ ነው።

8. የነጋዴው ወገን

ነጋዴዎቹም የሚሉት አላቸው፤ መስማት ተገቢ ነው። የ50 ዓመት መኪና እንደ አዲስ ዋስትና ሊሰጠው አይችልም። ነገ የሚቃጠለውን ካንዴላ ማንም አያውቅም። ገዢውም ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። ዋጋ ከተስማማ በኋላ ሌላ ርካሽ ሲያገኝ «ጉድለት አገኘሁ» የሚል አለ። ሦስት ወር ነድቶ ያበላሸውን ሞተር ይዞ የሚመጣ አለ። ነጋዴው ራሱ ከሌላ የተታለለበትን መኪና ሳያውቅ የሚሸጥበት ጊዜም አለ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ክርክሩን አያፈርሰውም፤ ያጠናክረዋል እንጂ። ነጋዴው ከማያውቀው ነገር ለመዳን የሚያውቀውን መጻፍ አለበት። «ወለሉ ተለብጧል፣ ሞተሩ ከሌላ ቮልስ የመጣ ነው፣ ሊብሬው በሟች ስም ነው» ብሎ የጻፈ ነጋዴን ማንም በተንኮል ሊከሰው አይችልም። ዝምታ ነው ዕዳ የሚያመጣበት።

9. ዋሱን መመለስ

መፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይመስለኝም። ያለንን መጠቀም ነው።

አንደኛ፣ ማስታወቂያው ወደ ውሉ ይግባ። «ሙሉ ፋብሪካ» ካለ ምኑ ፋብሪካ እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ወለሉ፣ በሮቹ። ለመጻፍ እንቢ ያለ ሰው መልሱን ሰጥቷል።

ሁለተኛ፣ ብረቱ ራሱ ይጠየቅ። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር ይገኛል፤ ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። የኋላ መስኮቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከ1953 እ.ኤ.አ. በኋላ ልትሠራ አትችልም፤ እንቁላል መሰል ከሆነ ከ1957 አታልፍም። የፊት መብራቷ ቀጥ ብሎ የቆመ ሆኖ «የ1960» ከተባለላችሁ ወይ መብራቱ ተቀይሯል ወይ ዓመቱ ተቀይሯል። «ሞዴል» ሲባልም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ፤ በእኛና በፈረንጅ መካከል ያለው ሰባት ስምንት ዓመት የዋጋ ልዩነት ነው።

ሦስተኛ፣ ሩቅ ያለ ገዢ እዚያው ከተማ ያለ፣ እሱ ራሱ መርጦ የሚከፍለው መካኒክ ይላክ። ነጋዴው ያመጣው መካኒክ የነጋዴው ምላስ ነው። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ «መካኒክ አይቶ ካልተስማማ ይመለሳል» የሚል መልእክት ከክፍያው በፊት ይጻፍ፤ ፎቶ ተነሥቶም ይቀመጥ።

አራተኛና ዋናው፣ ደላላው ዋስ ሆኖ ይፈርም። ብዙ ሰው ዋስ የጥንት ነገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ ዛሬም አለ። ሕጉ የሚጠይቀው ዋስትናው በግልጽ እንዲነገርና እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሆነ እንዲጻፍ ነው፤ ልኩ ካልተጻፈ አይጸናም። ስለዚህ ለሙሉው ዋጋ ዋስ ይሁን አይባልም። ስም ካልዞረ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ወለሉ እንደተጻፈው ካልሆነ፣ ኮሚሽኑን የሚያህል ወይም ያንን እጥፍ የሚያህል ገንዘብ ዋስ ይሁን። ያን ጊዜ ደላላው ኮፋኖውን ከእናንተ በፊት ከፍቶ ያያል።

የቴሌግራም ቻናል ባለቤቶችም እንዲሁ ናቸው። በማስታወቂያ ገንዘብ እስከሰበሰቡ ድረስ የዘመኑ ገበያ ሹሞች እነሱ ናቸው። ከሽያጭ በኋላ ማስታወቂያውን አለማጥፋት፣ የደላላውን እውነተኛ ስም መያዝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የተከሰሰን ማገድ ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። ነጋድራስ ቀረጡን ይወስድ ነበር፤ ዳኝነቱንም ይሰጥ ነበር። ቀረጡን ብቻ መውሰድ ሹመት አይሆንም።

እነዚህ መኪኖች የብረት ቁራጭ አይደሉም። የጣልያን ወረራ፣ የንጉሡ ዘመን፣ አብዮቱ፣ የመካኒኮቻችን ብልሃት በላያቸው ላይ ተጽፏል። ገበያቸው በሎሚ ከተሞላ መጀመሪያ የሚወጣው ደኅናው ነው፤ ወይ ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ወይ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ፎቶና ጠብ ብቻ ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን። መጠርጠር ግን ለብቻው ገበያ አያቆምም፤ ሁሉም የሚጠረጥርበት ገበያ የሞተ ገበያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ደላላ «ምንም እንከን የለባትም፣ እኔ እያለሁ» ሲላችሁ አትከራከሩት። የበቅሎ ተራውን ጥያቄ ጠይቁት፦ እሺ፣ እስከ ስንት ብር ድረስ ዋስ ትሆናለህ?